ሁለተኛውን ቁጥር አስቡ

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ሆናችሁ ታሪኩን፣ ሥነ ጽሑፉንና ፍልስፍናውን የሚያገናኝ የተማሪዎች ጆርናል ለመጀመር ላሰባችሁ ልጆች፤

የጆርናሉ የመጀመሪያ ቁጥር፣ ማለትም የመጀመሪያው እትም፣ መውጣቱ አይቀርም፤ ጉጉት ያወጣዋል። የሚቸግረው ሁለተኛው ነው። አርታኢዎቹ ሁሉ ተመራቂ ከሆኑ ጋዋን ለብሰው ሲበተኑ የኢሜይሉ ይለፍ ቃል እንኳ አብሯቸው ይሄዳል። ስለዚህ ከስድስት አርታኢ ሦስቱ የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ይሁኑ። ዋና አርታኢውም ከመመረቁ አንድ ሴሚስተር ቀድሞ ቦታውን ለምክትሉ ይልቀቅና አጠገቡ ሆኖ ይርዳው።

«በሰብአዊ ጥናት ዙሪያ ጻፉ» የሚል ጥሪ የሚያመጣላችሁ ከዲግሪ ማሟያ የተቆረጠ ምዕራፍ ነው። የታሪክና የቋንቋ ጽሑፍ ጎን ለጎን ስለታተሙ ብቻ አይነጋገሩም። አንድ ጥያቄ አውጡ። ግሽ ዓባይን ብትመርጡ የታሪክ ተማሪው የተጓዦችን ማስታወሻ፣ የፎክሎሩ ቃል ግጥሙን፣ የጂኦግራፊው ምንጩን ይዞ ይመጣል። ለመጀመሪያው ቁጥር አምስት ጽሑፍ ይበቃል፤ አንዱም ከ4,000 ቃል አይለፍ።

እያንዳንዱን ጽሑፍ ሁለት ሰው ይገምግመው፤ አንዱ ከሙያው፣ ሌላው ከሙያው ውጭ። የውጭውን «ልክ ነው ወይ?» ሳይሆን «የቱ አንቀጽ ላይ ጠፋብህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ገምጋሚው ጸሐፊው ማን እንደሆነ እንዳያውቅ ስሙን ከርዕሱ ሥር መሰረዝ ብቻ አይበቃም፤ ፋይሉ ውስጥ ተመዝግቦ ይቀራል፣ «ባለፈው ጽሑፌ እንዳሳየሁት» የሚል ሐረግም ያጋልጠዋል። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ለመምህሩ ፊት ለፊት ይነግራል፣ መምህሩም ያርመዋል። ስውር ገምጋሚ ግን ፊት ስለማያይ አንዳንዴ ብዕሩ መራራ ይሆናል። አስተያየቱን አርታኢው ሳያነብ ወደ ጸሐፊው እንዳይሄድ።

አሁን ወደ አማርኛው ጣጣ። ዩኒኮድ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በአንድ ዓይነት ኮድ እንዲያነቡ የሚያደርገው መስፈርት፣ የግዕዝን ፊደል ያካተተው እንደ ፈረንጆቹ በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በተሠሩ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ቁርጥራጭ ይሆናል፤ ገና ሲደርሳችሁ ፈትሹት። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ ጸ፣ ፀ የቱ ቃል ላይ እንደሚገቡ የሚወስን የሁለት ገጽ መመሪያ አዘጋጁ። አለዚያ አንዱ ጸሐፊ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» ይልና ፍለጋ አንዱን ያገኛል፣ ሌላውን ይስታል። በዋቢ ዝርዝር የኢትዮጵያዊ ስም አይገለበጥ፤ ሀዲስ ዓለማየሁን በ«ሀ» እንጂ በ«ዓ» አትፈልጉት። የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለም። ከዓመት ጎን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ይጻፍ፤ ዓድዋ በእኛ 1888፣ በፈረንጆቹ 1896 ነው። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ስለሆነ በጅምላ ስምንት የሚቀንስ ይሳሳታል።

ስም ስታወጡ አትቸኩሉ። አይ ኤስ ኤስ ኤን የሚባለው ባለስምንት አሃዝ መለያ የሚሰጠው ለጆርናሉ ስም ነው፤ ስሙን ከመሠረቱ ከለወጣችሁ አዲስ መለያ ያስፈልጋል። የወረቀቱና የኢንተርኔቱ እትም መለያም ለየብቻ ነው።

መሐሉ በሽቦ የሚሰፋ መጽሔት ገጹ በአራት መካፈል አለበት። 61 ገጽ ይዛችሁ ማተሚያ ቤት ብትሄዱ ለሦስት ባዶ ገጽ ትከፍላላችሁ። ሁሉንም ከማሳተማችሁ በፊት አንድ ሙከራ ቅጂ አስወጡና በወረቀት አንብቡት፤ ስክሪን ላይ ያልታየ ስሕተት እዚያ ይታያል። ከ100 ቅጂ አትጀምሩ፣ 50 ይበቃል። የተረፈው ብር ለሁለተኛው ቁጥር ይቀመጥ።