ጥያቄ ቁጥር 6

ልጆቼ፣ ሰሞኑን አንዲት የሕግ ተማሪ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ አሜሪካ ውስጥ መንግሥትን ተናግሮ የታሰረ ሰው አለ እንዴ?» አለችኝ። «ሞልቷል» አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህንኑ ጥያቄ ከዓመታት በፊት ሌላ ሰው ጠይቆኝ ነበር። ያኔ የመለስኩት ሌላ ነው።

ቨርጂኒያ ነው። ቀን ጠበቃ ቢሮ እሠራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አንድ ቤዝመንት ውስጥ ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ ወገኖችን አስተምራለሁ። አብዛኞቹ በዕድሜ ይበልጡኛል። ታክሲ የሚነዱ፣ ፓርኪንግ የሚሠሩ፣ የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች። ሻዩ በፔርሙስ ይመጣል። እንደዚያ ዓይነት ቀረፋ የበዛበት ሻይ ከዚያ ወዲህ ጠጥቼ አላውቅም።

ያኔ ፈተናው 100 ጥያቄ ነበረው። ከነዚያ 10 ይጠየቃል፤ ስድስቱን የመለሰ ያልፍ ነበር። 6ኛው፣ በመጀመሪያው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከተሰጡት መብቶች አንዱን ጥቀስ ይል ነበር። «ፍሪደም ኦፍ ስፒች!» አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ፤ የመናገር ነጻነት ማለት ነው። አንድ የታክሲ ሾፌር አዛውንት ግን እርሳሳቸውን ደብተሩ ላይ አስቀመጡና እጃቸውን አወጡ።

«እኔ በደርግ ጊዜ ባንዲት ቀልድ ስምንት ወር ታስሬያለሁ። እዚህ አገርስ? በቃል የታሰረ የለም?»

«የለም ጋሼ።»

«አንድ እንኳ?»

«ሰዓት የለንም። ወደ 7 እንለፍ።»

ዋሸኋቸው። ማታ ማታ ሕግ ስማር አንብቤዋለሁ። ያ ማሻሻያ በ1791 ጸደቀ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምነግራችሁ)። ሰባት ዓመት ሳይሞላው፣ በ1798፣ ፕሬዝዳንት ጆን አዳምስ የሴዲሽን ሕግ የሚባለውን ፈረሙ። መንግሥትን፣ ኮንግረሱን ወይም ፕሬዝዳንቱን በሐሰት ያጠለሸ እስከ ሁለት ዓመት ይታሰራል ይላል። ምክትል ፕሬዝዳንቱን ግን አይጠቅስም። ምክትሉ የአዳምስ ተቀናቃኝ ቶማስ ጄፈርሰን ነበሩና እሳቸውን መስደብ ይቻላል! ሕጉ የሚያበቃውም የአዳምስ የሥልጣን ዘመን ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። የቬርሞንቱ የምክር ቤት አባል ማቲው ላዮን ፕሬዝዳንቱን ክብርና ውዳሴ ወዳድ አድርጎ በመጻፉ አራት ወር ታሰረ፤ 1,000 ዶላርም ተቀጣ። ሕዝቡ እስር ቤት እንዳለ መልሶ መረጠው። ገንዘቡን ኮንግረስ በ1840 ለወራሾቹ መለሰ። ሰውየው ግን ከሞተ ቆይቷል።

በ1918ም ያው ነው። የሶሻሊስቶቹ መሪ ዩጂን ዴብስ ካንተን፣ ኦሃዮ ላይ የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነት የሚነቅፍ ንግግር አደረገና 10 ዓመት ተፈረደበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አጸናው። በ1920 ከአትላንታ እስር ቤት ሆኖ ለፕሬዝዳንትነት ተወዳደረ። «እስረኛ ቁጥር 9653» የሚል የምርጫ ባጅ ነበረው። ከ900 ሺህ ሰው በላይ መረጠው።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ለምን «የለም» አልኩ? ያኔ ዜግነት ካገኘሁ ዓመት አልሞላኝም። የተቀበለኝን አገር ገመና ማውጣት፣ የበሉበትን ወጪት መስበር መሰለኝ። ሰዎቹን ግራ አላጋባም ብዬም ነበር። አሁን ሳስበው ሁለተኛው ሰበብ ነው።

እናንተ የዘንድሮ ልጆች ደግሞ በተቃራኒው ናችሁ። መልሱን ከስልክ በሁለት ሴኮንድ ታወጣላችሁ። ላይቭ ገብቶ የሰው እናት መስደብንም የመናገር ነጻነት ትሉታላችሁ። አንዳንዴ ዝም ማለት ምን አለበት? ይህን የምለው እንግዲህ ሰው ዝም ያሰኘሁት እኔው ነኝ።

በርትታችሁ አጥኑ አልላችሁም፤ እናቶቻችሁ ብለዋችኋል። ሕግ የምትማሩት ግን ፍርዱን ብቻ አንብባችሁ አትለፉ። ሰውየው ምን ብሎ እንደታሰረ ቃሉን ፈልጉ። በ1969 የወጣውን የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን የብራንደንበርግ ውሳኔ ሁላችሁም ትሸመድዱታላችሁ። ሰው ወዲያው ወደ ሕገወጥ ድርጊት እንዲገባ ካልቀሰቀሰ በቀር በንግግሩ አይቀጣም የሚለውን ማለቴ ነው። እዚያ እስኪደረስ ስንቱ እንደታሰረ ግን አትጠይቁም።

ሽማግሌው በሚቀጥለው ቅዳሜ መጡ። ኋላ ተቀመጡ። ተራቸው ሲደርስ «ፍሪደም ኦፍ ስፒች» አሉ፣ ጥርት አድርገው። ፈተናውንም አለፉ። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም።

ከሁሉ የሚቆጨኝ የኒዋርኩ ሰካራም ነው። በዚያው በ1798 አዳምስ በኒዋርክ፣ ኒው ጀርሲ ሲያልፉ መድፍ ተተኮሰላቸው። ሉተር ባልድዊን የሚባል ሰው ሞቅ ብሎት ነበርና መድፉን በፕሬዝዳንቱ መቀመጫ ቢያሳልፉትም ግዴለኝም አለ። ተከሶ ተቀጣ። ባንዲት ቀልድ። ያን ቀን ብነግራቸው ሽማግሌው እንባቸው እስኪፈስ ይስቁ ነበር። ምናልባት የራሳቸውን ቀልድም ይነግሩን ነበር። ምን ብለው እንደታሰሩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እኔ ወደ 7 አለፍኩ። ማሻሻያዎቹ ስንት ናቸው ይላል። መልሱ 27 ነው።