ሐሳቤን ስልክ ላይ ብጽፍ ንስሐዬን መናቅ ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉልኝ? የመሐል ሜዳ ልጅ ነኝ፣ አሁን ደብረ ብርሃን እሠራለሁ። ካለፈው ክረምት ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፣ ልቤ በትንሽ ትልቁ ይደነግጣል፣ ደስ ይለኝ የነበረው ሁሉ አስጠልቶኛል። ውጭ ያለችው እህቴ ለድብርትና ለጭንቀት የተዘጋጀ የኢንተርኔት ሕክምና ላከችልኝ። ሐኪም የለበትም። በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ ራሴ አነባለሁ፣ ሐሳቤን እጽፋለሁ፣ መልመጃ እሠራለሁ። መግቢያው ላይ ዘጠኝ ጥያቄ ያለው ቅጽ ሞልቼ ውጤቴ «መካከለኛ» ተባለ። የጽዋ ማኅበር ጓደኛዬ ግን «ይሄ ዓይነ ጥላ ነው፣ ጻድቃኔ ማርያም ሄደሽ ተጠመቂ፣ ለስልክ መናዘዝ እምነት ማጣት ነው» አለችኝ። ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ አትተይው። ጻድቃኔም ሂጂ። ጓደኛሽ ስለምትወድሽ ነው የተናገረችው፣ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጋብሻለች።

ንስሐ ማለት የሠራሽውን ኃጢአት በካህን ፊት ተናግረሽ ሥርየት የምትቀበይበት ምሥጢር ነው። እሱን ስልክ አይተካውም፣ ሐኪምም አይተካውም። አንቺ እዚያ የምትጽፊው ግን ምንድን ነው? «አለቃዬ ዛሬ ሰላም ሳይለኝ አለፈ፣ ጠልቶኛል ማለት ነው» ዓይነት ነገር ነው አይደል? ይሄ ኃጢአት አይደለም፣ የታመመ ሐሳብ ነው። መታመም ደግሞ አይናዘዙትም፣ ይታከሙታል እንጂ።

የዚህ ሕክምና መሠረት አሮን ቤክ የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስተዋለው ነገር ነው። ድብርት ያለባቸው ሰዎች ሳይጠሩት የሚመጣ ፈጣን ሐሳብ አላቸው፣ «አልረባም፣ አይሳካልኝም፣ ማንም አይወደኝም» የሚል፣ እነሱም ሳይጠይቁት እውነት ነው ብለው ይቀበሉታል። ሕክምናው ያንን ሐሳብ ወረቀት ላይ አስቀምጦ «እውነት ነው? ምን ማስረጃ አለ? ሌላስ ምክንያት ሊኖር አይችልም?» ብሎ መጠየቅን ያስተምራል። ይሄን ስሰማ መዝሙረ ዳዊት ነው ትዝ ያለኝ። «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ? ለምንስ ታውኪኛለሽ?» ይላል። ዳዊት ሐዘኑ የነገረውን ሁሉ አልተቀበለም፣ ነፍሱን ቁጭ አድርጎ ጠየቃት፣ እዚያው መዝሙር ላይ ተመልሶ ደግሞ ይጠይቃታል። አንድ ጊዜ ጠይቆ አልበቃውም ማለት ነው። አንቺም አንድ ሳምንት ጽፈሽ ካልቀለለሽ አትደንግጪ።

ከመልመጃዎቹ ውስጥ ቁጭ ብሎ ትንፋሽን ማዳመጥ ካለበትና ከሌላ እምነት የመጣ ነው ብለሽ ከፈራሽ፣ ትንፋሽሽ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ቀስ ብለሽ እየተነፈስሽ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በዪበት።

ነቢዩ ኤልያስን ተመልከቺ። ከኤልዛቤል ሸሽቶ ክትክታ ዛፍ ሥር ወድቆ «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ነበር። እግዚአብሔር «እምነትህ የት ሄደ?» አላለውም። አስተኛው። መልአክ ላከለት፣ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ እንደገና አስተኛው፣ እንደገና አበላው፣ ከዚያ በኋላ ነው መንገድ ያስጀመረው። ያንቺም ትምህርት ከአልጋ ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢ፣ ትንሽ ተራመጂ፣ አንድ ሰው አነጋግሪ የሚል ምዕራፍ ሳይኖረው አይቀርም። በደብረ ብርሃን ብርድ ከብርድ ልብስ መውጣት ለጤነኛም ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ኪዳን ለመድረስ ተነሺ። ጸሎቱ ባይገባሽም፣ ዕንባ ባይመጣልሽም፣ ዳር ላይ ቁጭ ብለሽ ተመለሺ።

ስለ ጠበሉ አንድ ነገር አደራ ልበልሽ። ጻድቃኔም ሆነ ሸንኮራ ዮሐንስ ስትሄጂ ሐኪም ያዘዘልሽ መድኃኒት ካለ እንዳታቋርጪ። የድብርት መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሲቆም ሰውነትን ያናውጣል፣ ሕመሙም ብሶ ሊመለስ ይችላል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበልንና መድኃኒትን አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር። መጽሐፈ ሲራክም ምዕራፍ 38 ላይ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። ጾሙ ካስቸገረሽ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ ለሕመምተኛ ሥርዓት አለው።

አሁን የምፈራልሽን ልንገርሽ። እንዲህ ያለው በራስ የሚሠራ ትምህርት አዲስ አይደለም፣ የአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2001 ሙድጂም የሚባል አውጥቷል፣ ከዚያ ወዲህም ብዙ ተጠንቷል። ለቀላልና ለመካከለኛ ድብርት ይረዳል። ነገር ግን ብቻውን የጀመረው ሰው ብዙ ጊዜ መሃል ላይ ይተወዋል፣ «የት ደረስሽ?» የሚለው ሰው ያለው ግን የበለጠ ይጠቀማል። እንግሊዞችም ለቀላል ድብርት መጀመሪያ ከሚያቀርቡት ውስጥ ይሄው አለ፣ ግን የሚከታተል ባለሙያ ጨምረውበት ነው። ስለዚህ ለአንቺም ሰው ያስፈልግሻል። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለእህትሽ ደውለሽ የሳምንቱን ምዕራፍ ንገሪያት። ጓደኛሽንም አታርቂያት፣ ይሄን መልስ አሳያትና አብራሽ ኪዳን ትምጣ።

ይሄን የምለው ስለተማርኩበት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ «መምህር፣ ጠዋት መነሣት አቃተኝ» ብሎኝ «ጸሎትህን አብዛ» ብዬ ብቻ ሸኘሁት። አበዛ። መነሣት ግን አልቻለም፣ ጭራሽ እግዚአብሔርም ናቀኝ ብሎ አመነ። ቤተሰቦቹ ናቸው በስንት ወራቸው ሐኪም ቤት የወሰዱት። «መቼ ጀመረህ? ትተኛለህ? ትበላለህ?» ብዬ እንኳ አልጠየቅሁትም ነበር።

አንቺን ግን እጠይቅሻለሁ። ያ የሞላሽው ቅጽ ዘጠነኛ ጥያቄው «ብሞት ይሻለኛል ብለሽ ወይም ራስሽን ልጉዳ ብለሽ ታስቢያለሽ ወይ?» የሚል ነው። «መካከለኛ» የሚለው ድምር እሱን አይነግረኝም። ከ«በፍጹም» ሌላ ምንም መልሰሽ ከሆነ የስልኩን ትምህርት አስቀምጪውና ዛሬውኑ፣ ከሰው ጋር ሆነሽ፣ ሐኪም ግዛው ሆስፒታል ሂጂ። ሌሊት ቢሆንም ድንገተኛ ክፍል ግቢ። ብቻሽን አትደሪ፣ ጓደኛሽን ጥሪያት። እኔንም በፈለግሽው ሰዓት ቀስቅሺኝ፣ እና እባክሽ ምን ብለሽ እንደመለስሽ ዛሬ ጻፊልኝ።