ጳውሎስና ያዕቆብ ስለ እምነትና ሥራ ይጋጫሉ ወይ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ጳውሎስ በሮሜ 3፥28 ሰው ያለ ሕግ ሥራ በእምነት ይጸድቃል ይላል። ያዕቆብ ደግሞ በ2፥24 በእምነት ብቻ ሳይሆን በሥራ እንደሚጸድቅ ይጽፋል። ሁለቱን ነጥለህ ካየሃቸው ፊት ለፊት የተጋጩ ይመስላሉ።

ግን ሁለቱም ምስክር የሚጠሩት አብርሃምን ነው። እኔ ትልቁ ፍንጭ እዚህ ጋ ይመስለኛል። ጳውሎስ የሚያነሳው ዘፍጥረት 15፥6ን ነው፤ አብርሃም ገና ሳይገረዝ አመነ፣ ጽድቅም ሆኖ ተቆጠረለት። ያዕቆብ የሚሄደው ወደ ዘፍጥረት 22 ነው፤ ይስሐቅ ተወልዶ፣ አድጎ፣ በመሠዊያው ላይ ወደቀረበበት ቀን። በመካከሉ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ደግሞ ልብ በል፣ ያዕቆብ ራሱ ያንኑ 15፥6ን ይጠቅሳል። ተፈጸመ ይላል እንጂ አይሽረውም።

የሚሞግቷቸውም ሰዎች ይለያያሉ። ጳውሎስ የሚመልሰው ከአሕዛብ የመጡ አማኞች ካልተገረዙ አይሆንም ለሚሉ ነው። ያዕቆብን ያስቆጣው ግን የተራበ ወንድሙን «በደኅና ሂዱ፣ ጥገቡ» ብሎ ባዶ እጁን የሚሸኝ አማኝ ነው። እንዲህ ያለውን እምነትማ ጳውሎስም አይቀበለውም፤ በገላትያ 5፥6 የሚጠቅመው በፍቅር የሚሠራ እምነት ነው ይላል።

ሮሜ 4ንና ያዕቆብ 2ን ጎን ለጎን አድርገህ እስከ መጨረሻው አንብባቸው።