ለአዲስ ተመራቂዎች፦ የመጀመሪያውን የኪራይ ቤት ስለ መፈለግ

ውድ ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ዲግሪያችሁን ይዛችሁ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ላገኛችሁ፣ ነገር ግን ማታ የምትገቡበት ቤት ገና ላላገኛችሁ ወጣቶች ነው። እኔ በሂሳብ ሙያ የጡረታ መውጫዬ የተቃረበ ሰው ነኝ። በሥራዬ ጠባይ የአዲስ ተቀጣሪዎች ደመወዝ በየወሩ በእጄ ያልፋል፤ ገና ሁለተኛ ወራቸውን ሳይደፍኑ የደመወዝ ብድር ለመጠየቅ ጠረጴዛዬ ፊት የሚቆሙትም እነርሱው ናቸው። ምክንያታቸውን ስጠይቃቸው መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የቤት ኪራይ ነው።

እንግዲህ ከሂሳቡ ልጀምር። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በዲግሪ የሚቀጠር ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። ከዚህ ላይ ግብሩና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮው ሲነሣ እጅ የሚገባው ከ9,000 ብር በታች ነው። ቤት ስትፈልጉ በልባችሁ መያዝ ያለባችሁ ይህን ሁለተኛውን ቁጥር ነው፤ ብዙዎቻችሁ ግን በቅጥር ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን ይዛችሁ ነው ከአከራይ ጋር የምትነጋገሩት። ኪራይ ከገቢ ሲሶ አይለፍ የሚለውን ምክር ሰምታችሁ ይሆናል። በዚህ ከተማ፣ በጀማሪ ደመወዝ፣ ይህ ምክር አይሠራም። እኔ የምነግራችሁ መለኪያ ከዚያ የላላ ነው፦ ኪራይ፣ የታክሲ ገንዘብ፣ የውሃና የመብራት መዋጮ አንድ ላይ ተደምረው እጃችሁ ከሚገባው ገንዘብ ግማሹን ካለፉ፣ ቤቱ የቱንም ያህል ቢያምር ተዉት። ይህን ያላችሁ እንደሆነ ለብቻ የሚከራይ የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ለአብዛኞቻችሁ ከሂሳቡ ይወጣል። ይህን ዛሬ በወረቀት ላይ ማወቅ፣ ገብታችሁ በሦስተኛው ወር ከማወቅ ይሻላል።

የእኔ ዘመን ሰው «እኛም እንዲሁ ተቸግረን ነው ራሳችንን የቻልነው» ሲላችሁ ሙሉ በሙሉ አትመኑት። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች አዋጅ ኪራያቸው አነስተኛ የሆኑትን ቤቶች ለቀበሌ አስረክቦ ስለነበር፣ ፒያሳና ካዛንቺስ መሐል ከተማ ላይ በጥቂት ብር የሚኖር ቤተሰብ አንዷን ክፍል ለጀማሪ ጸሐፊ ወይም አስተማሪ ያከራይ ነበር። ከእነዚህ ሰፈሮች ብዙዎቹ ባለፉት ጥቂት ዓመታት በመልሶ ማልማትና በኮሪደር ልማት ፈርሰዋል፤ ለእግረኛ ቅርብ የነበረው ርካሽ ክፍልም አብሮ ሄዷል። በጋራ ቤቶች ዕጣ የራስ ቤት ማግኘት የሚባለውም ለእናንተ የቅርብ ነገር አይደለም፤ በ2005 ዓ.ም. ከተመዘገቡት ውስጥ እንኳ ብዙዎቹ ገና ይጠብቃሉ። ስለዚህ ኪራይ ለእናንተ እስኪያልፍ የሚታገሡት ጊዜያዊ ነገር ሳይሆን ለብዙ ዓመት የምትኖሩበት ኑሮ ነውና፣ እንደ ሙያ ልትማሩት ይገባል።

ሰፈር ስትመርጡ ከቤቱ ሳይሆን ከሥራ ቦታችሁ ተነሡ። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ወይም ቦሌ አራብሳ ያለ ቤት መሐል ከተማ ካለው ይቀንሳል፤ ሥራችሁ ሜክሲኮ አካባቢ ከሆነ ግን ሁለት ወይም ሦስት ታክሲ ትይዛላችሁ፣ የጠዋቱና የማታው ሰልፍም አለ። የቀነሰው ኪራይ ለታክሲ ይሄዳል፣ እንቅልፋችሁም አብሮ ይሄዳል። ይህን ሂሳብ የሚለውጠው አንድ ነገር ሰርቪስ ነው። መሥሪያ ቤታችሁ ሰርቪስ ካለው፣ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ሆናችሁ የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ በአጠገቡ የሚያልፍ ከሆነ፣ ሩቅ ያለው ቤት በአንድ ጊዜ ርካሽ ይሆናል። እንግዲያው ቤት ከመፈለጋችሁ በፊት የሰርቪሱን ሾፌር መስመሩን ጠይቁት፤ ከደላላ ይልቅ የሚጠቅማችሁ እርሱ ነው። ባቡሩን ግን አትመኑ፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር እንደነበረው አይመላለስም። ሴቶች ልጆቼ ደግሞ ከታክሲ መውረጃው እስከ በሩ ያለውን መንገድ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ሳትሄዱበት እሺ አትበሉ።

ከኮንዶሚኒየምና ከግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት የቱ ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ለጀማሪ ሰርቪስ ቤቱን እመርጣለሁ፤ መጸዳጃው የጋራ ቢሆንም፣ የግቢው በር በጊዜ ቢዘጋም። ባለ አራት ፎቁ ኮንዶሚኒየም አሳንሰር የለውም፤ በብዙ ሳይቶች ውሃው የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ በመጣም ጊዜ ግፊቱ አራተኛ ፎቅ ላይደርስ ይችላል። የላይኛው ፎቅ ኪራይ የሚቀንሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጀሪካን ተሸክማችሁ ደረጃውን ስትወጡ የቀነሰላችሁን ገንዘብ ትከፍሉታላችሁ። የትኛውንም ቤት ስታዩ ቧንቧውን ራሳችሁ ክፈቱ። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ባለቤቱን ሳይሆን ደረጃው ላይ ያገኛችሁትን ጎረቤት ጠይቁ። መብራቱ የራሱ ቆጣሪ ያለው መሆኑን፣ የጋራ ከሆነም በምን እንደሚካፈሉ እወቁ። የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት ከሆነ ከዝናብ በኋላ እዩት፤ በጥር ያማረ ግድግዳ በሐምሌ ሌላ ነው።

አሁን አብዛኞቻችሁ ወደማትወዱት ነገር ልምጣ። ደባል ፈልጉ። ዲግሪ ይዞ ከሌላ ሰው ጋር አንድ ክፍል መካፈል ዛሬ እንደ ውርደት ሲታይ እመለከታለሁ፤ ልጆቹ ለቤተሰብ ስልክ ሲደውሉ ብቻቸውን እንደሚኖሩ ይናገራሉ። እኔ ግን በደመወዝ መክፈያው ላይ የማየው፣ ከወር ወር ብድር የማይጠይቁት አብዛኞቹ በደባልነት የሚኖሩት መሆናቸውን ነው። ደባል ስትመርጡ የልብ ወዳጅነትን ሳይሆን ሰዓትንና ጠባይን ተመልከቱ። ሌሊት ተረኛ የሆነ ነርስና ጠዋት ቢሮ የሚገባ የባንክ ሠራተኛ ተስማምተው ሊኖሩ ይችላሉ፤ አብረው የተመረቁ ሁለት ጓደኛሞች ግን እንግዳ በሚያበዛው በአንደኛው ምክንያት በስድስት ወር ይኳረፋሉ። ኪራዩን በየወሩ በስንተኛው ቀን እንደምታዋጡ፣ አስቤዛው የጋራ ይሁን የየራስ፣ አንዱ ቢለቅ ምን ያህል ቀደም ብሎ እንደሚናገር ሳትገቡ ተነጋገሩ። ከሁሉ በላይ የኪራይ ውሉ ላይ የሁለታችሁም ስም ይግባ። ስሙ የሌለው ሰው ሌላው የለቀቀ ዕለት በሕግ ፊት እንግዳ ነው።

ስለ ሕጉ ረዘም አድርጌ የምጽፈው ወጣቶች ሕጉ ለእነርሱ የወጣ ስለማይመስላቸው ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዝዛል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ኪራዩ በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል፣ ጭማሪም በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይሆንና ተቆጣጣሪው አካል ከሚወስነው መጠን እንዳያልፍ ይደነግጋል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ልብ በሉ ግን፦ ሕጉ የሚጠብቃችሁ ከገባችሁ በኋላ እንጂ በር ላይ አይደለም። የመነሻውን ዋጋ የሚወስኑት አከራይና ተከራይ ናቸው፤ አከራዩም ወደፊት እንደልቡ መጨመር እንደማይችል ስለሚያውቅ የነገውን ጭማሪ ዛሬ በሚጠራው ዋጋ ውስጥ ሊከተው ይሞክራል። ስለዚህ የመከራከሪያችሁ ጊዜ መግቢያው ላይ ነው። በዚያን ጊዜ በይሉኝታ የተዋችሁት አምስት መቶ ብር ለሁለት ዓመት ይከተላችኋል፤ 12,000 ብር ነው።

ሁለት ዓይነት አከራይ ይገጥማችኋል። አንደኛው የምትከፍሉት ሌላ፣ ውሉ ላይ የሚጻፈው ሌላ፣ አነስ ያለ እንዲሆን ይጠይቃችኋል፤ ልዩነቱንም በእጅ። ይህ የሚደረገው ለግብር ሲባል ነው። በሂሳብ ሰውነቴ የምነግራችሁ፣ በእጅ የሰጣችሁትን ገንዘብ ጠብ የመጣ ዕለት አስረጂ የላችሁም፤ ትክክለኛው ዋጋ ካልተጻፈ እለፉት። ሁለተኛዋ የበለጠ ታስቸግራለች፣ ምክንያቱም ደግ ናት። ቡና አፍልታ አስቀምጣችሁ፣ «እንደ ልጄ ነው የማይህ፣ በእኔና በአንተ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል?» ትላለች። ይህን ጊዜ አትሽኮርመሙ፣ አትከራከሩ። «እትዬ፣ እኔም እንደ እናቴ ነው የማይዎት፤ ውሉን ሳናስመዘግብ ብንቀር ወረዳው ሁለታችንንም ይጠይቀናል፤ እርስዎን እንዳያስቸግርዎት ብዬ ነው» በሏት። ሐሰትም የለበትም። እንዲህ ተብላ እንቢ ያለች እትዬ ካለች፣ ውሉን ያልፈለገችው በሌላ ምክንያት ነው።

ገንዘብ የምትቀበለው ወይም የሚቀበለው ሰው የቤቱ ባለቤት መሆኑን አረጋግጡ። ባለቤቱ ውጭ አገር ያለበት ኮንዶሚኒየም ብዙ ነው፤ ቁልፉን የያዘው የአክስት ልጅ ውክልና ሊኖረው ይገባል፤ ውክልናውም ማከራየትን የሚጨምር መሆኑን አንብቡ። የባንክ ሂሳቡ ስም ውሉ ላይ ካለው ስም ጋር ካልተገጣጠመ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። በቴሌግራም ፎቶ አይታችሁ «ሌላ ሰው ሳይቀድማችሁ» እየተባላችሁ ቀብድ አትላኩ። ደላላን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም፤ ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነ፣ ከማን እንደሚቀበልና መቼ እንደሚከፈለው ቤት ሊያሳያችሁ ከመነሣቱ በፊት ተነጋገሩ። ከዚያ በፊት ግን ለሥራ ባልደረቦቻችሁ፣ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ ጓደኞቻችሁ፣ ለሰፈሩ ባለሱቅ ቤት እንደምትፈልጉ ተናገሩ። ጥሩ ሰርቪስ ቤት ደላላ እጅ ሳይደርስ ነው የሚያዘው፤ «ላጤ አናከራይም» የሚሉ ባለቤቶችም በሚያውቁት ሰው ዋስትና ሲመጣባቸው ይለሳለሳሉ።

በመግቢያው ዕለት ቅዳሜን መርጣችሁ በጠዋት ግቡ። ዕቃችሁ ፍራሽ፣ ምድጃና ሁለት ሻንጣ ብቻ ከሆነ ራሳችሁ አውርዱት፤ ለጫኝና አውራጅ የምትሰጡ ከሆነ ዋጋውን መኪናው ሳይቆም ተስማሙ። ባለቤቱ ባለበት የቆጣሪውን ንባብ፣ የተሰነጠቀውን መስታወት፣ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ በስልክ ፎቶ አንሡ፤ ዝርዝሩንም በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ምጣድ መጠቀም ይፈቀድ እንደሆነ፣ ልብስ በየትኛው ቀን እንደሚታጠብ፣ በሩ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋና እንግዳ ቢያድር ምን እንደሚባል ያን ቀን ጠይቁ። ሰኞ ደግሞ የሥራ ፈቃድ ጠይቃችሁም ቢሆን ከአከራያችሁ ጋር ውሉን ይዛችሁ ወደ ወረዳው ሂዱ።