ልጁ መጀመሪያ ተዋጊ ጀት ያብርር ወይ? የአንድ ጡረተኛ አብራሪ መልስ

ሰላም ለሁላችሁም። ከደሴ ሰኞ ገበያ የጻፈችው እህታችን ጥያቄ ሰሞኑን ሲያከራክር አየሁና እኔም ልግባበት አልኩ። ላላነበባችሁት ባጭሩ ይኸው፦ ወንድሟ 12ኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት አልፏል። አብራሪ ካልሆንኩ ሞቼ እገኛለሁ ብሎ ቤቱን አስጨንቋል። አጎታቸው ደግሞ «መጀመሪያ አየር ኃይል ግባ፣ ተዋጊ ጀት አብርር፣ ከዚያ አየር መንገዱ ራሱ ለምኖ ይወስድሃል» ይለዋል። ይሄ ነገር እውነት ነው ወይ ነው የምትለው። በዚያው ደግሞ ኮምቦልቻ ማረፍ አደገኛ ነው የሚባለውን ጠይቃለች።

እኔ በወጣትነቴ ሶቪየት ኅብረት ሠልጥኜ ሚግ 21 የሚባለውን ተዋጊ ጀት አብርሬያለሁ። ሠራዊቱ ሲበተን ከአገር ወጣሁና ጡረታ እስክወጣ ድረስ የጭነት አውሮፕላን ላይ ሠራሁ። አሁን ኮምቦልቻ ነኝ። ስለዚህ ሁለቱንም ወንበር አውቃቸዋለሁ።

አጭሩ መልሴ ይሄ ነው። ወንድምሽ ወታደር መሆን ከፈለገ አየር ኃይል ይግባ። ሰው ማጓጓዝ ከፈለገ በቀጥታ ወደ ሲቪሉ ይሂድ። አንዱን የሌላው መወጣጫ አያድርገው። አጎቱ ክፉ አላሰበም፣ ግን ሁለቱ ሥራዎች ከውጭ እንደሚመስሉት አንድ አይደሉም።

የተዋጊ አብራሪ ሥራ መብረር ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። መብረሩ መጓጓዣው ነው። ሥራው መሣሪያ ተሸክሞ ሄዶ ዒላማው ላይ ማድረስ ነው። እኛ ደሴዎች ይሄንን ከማንም በላይ ማወቅ አለብን። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ንጉሡ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ተኩሰዋል። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመቷል። አያቶቻችን ያንን ቀን ከሥር ሆነው ነው ያዩት። አብራሪው ከላይ ሆኖ የሚያየው ጭስ ብቻ ነው። ወደዚህ ሙያ የሚገባ ልጅ ይሄንን አስቦ ይግባ፣ ዩኒፎርሙንና የፀሐይ መነጽሩን አይቶ አይደለም።

ሌላም አለ። በ1969 እና በ1970 የኦጋዴን ጦርነት ጊዜ ኤፍ 5 የሚባለውን የአሜሪካ ተዋጊ ጀት ያበረሩ ታላላቆቻችን የሶማሊያን ሚጎች አየር ላይ አሸንፈዋል። ሚግ 21 በወረቀት ላይ ከኤፍ 5 ይፈጥናል። ልዩነቱን ያመጣው ሥልጠናው ነው። ይሄ ለሁላችንም ኩራት ነው። ነገር ግን ከነዚያ ጀግኖች አንዱ ለገሠ ተፈራ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ሶማሊያ ውስጥ 11 ዓመት ታስረዋል። ለአየር መንገድ መሸጋገሪያ ብሎ የገባ ልጅ ውሉ ውስጥ ይሄም እንዳለ ይወቅ። አገሬን ልጠብቅ ብሎ የገባ ግን ይሄን አውቆ ነው የሚገባው፣ ክብርም ይገባዋል።

አሁን ወደ ኮክፒቱ እንግባ። የሚግ 21 ኮክፒት ጠባብ ነው፣ ትከሻህ ግራና ቀኝ ይነካል። ከጎንህ ሰው የለም። ጠበቅ አድርገህ ስትታጠፍ 7 ጂ ይመጣል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 490 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ደም ከጭንቅላት ወደ እግር ይወርዳል። ዓይን መጀመሪያ ቀለም ያጣል፣ ከዚያ ከዳር ወደ መሃል ይጨልማል። እግርህንና ሆድህን ወጥረህ፣ ትንፋሽህን በአጭር በአጭሩ እየያዝክ ነው የምታሸንፈው። ልብሱም ያግዛል፤ እግርና ሆድ ላይ በአየር እየተነፋ ይጨምቅሃል። ነዳጅ ደግሞ ሁልጊዜ ያንሳል። አፍተርበርነር (ከሞተሩ ኋላ ተጨማሪ ነዳጅ እያቃጠለ ጉልበት የሚጨምረውን) ከከፈትክማ በደቂቃ ነው የሚቆጠረው። ስትመለስ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ መሬት እየመጣህ፣ መሬት ስትነካ ፓራሹት ከኋላ ትለቃለህ። ሁሉም ነገር ከተበላሸ ወንበሩ ከነሕይወትህ ያስፈነጥርሃል።

የመንገደኛ አውሮፕላን ላይ ማንም አይፈነጠርም። ይቺን ነገር ቁጭ ብላችሁ አስቡባት። የሁለቱ ሙያ ልዩነት ሁሉ ከዚህ ይነሳል። ተዋጊው ግዳጁን ለመፈጸም አደጋ ይወስዳል፣ የመጨረሻው መውጫም አለው። የሲቪሉ አብራሪ መውጫ ስለሌለው አደጋው ከመምጣቱ በፊት ነው የሚሠራው። ተጠባባቂ ኤርፖርት ይመርጣል። ወደ መድረሻው የሚያደርስ ነዳጅ ይይዛል፣ ማረፍ ካልቻለ ወደ ተጠባባቂው የሚወስድ ይጨምራል፣ በዚያ ላይ 30 ደቂቃ የሚያዞር መጠባበቂያ አለ። ተሳፋሪው ምንም ሳይሰማው እንዲያርፍ ይፈለጋል። አውሮፕላኑ የተሠራው እስከ 2.5 ጂ እንዲችል ቢሆንም በመደበኛ መታጠፊያ ከ1 ብዙም አያልፍም። ቡናው ከስኒው አይፈስም።

አንዳንድ የቀድሞ ጓደኞቼ ይሄ አሰልቺ ሆነባቸው። እኔ በጣም ተመቸኝ። ያልለመድኩት አንድ ነገር ቢኖር ሰው አጠገቤ መኖሩ ነበር።

በተዋጊ ጀት ላይ ሐሳብህን ለማንም አትናገርም። ታያለህ፣ ትወስናለህ፣ ታደርጋለህ። በሲቪሉ ግን ዝም ያለ ካፒቴን አደገኛ ነው። የምታስበውን ጮክ ብለህ ትናገራለህ፣ ረዳቱ ያረጋግጣል። ረዳቱ ሲናገር ደግሞ ትሰማለህ። እ.ኤ.አ. በ1977 ቴኔሪፍ የምትባል የስፔን ደሴት ላይ ሁለት ቦይንግ 747 ጉም ውስጥ ተጋጭተው 583 ሰው አልቋል። የአንደኛው ካፒቴን ፈቃድ ሳያገኝ መንደርደር ጀመረ። የበረራ መሐንዲሱ «ያኛው ገና መንገዱን አልለቀቀም እንዴ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ካፒቴኑ ትልቅ ስም ያለው ሰው ስለነበር ጥያቄው እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ነው የዓለም አየር መንገዶች የአብራሪዎችን አብሮ መሥራት እንደ አንድ ትምህርት ማስተማር የጀመሩት። እኛ አገር ታላቅን ማረም ነውር ነው። ወንድምሽ «ካፒቴን፣ ከፍታችን ልክ አይደለም» ማለት የሚያስደነግጠው ከሆነ ከአሁኑ ይለማመደው። ከአጎቱ ይጀምር።

አንድ ማንም የማይነግራችሁን ነገር ልጨምር። በሶቪየት አውሮፕላን የሠለጠነ ሰው ወደ ቦይንግ ሲሄድ ዓይኑን እንደገና ማስተማር አለበት። አውሮፕላኑ ምን ያህል እንዳዘነበለ የሚያሳየው መሣሪያ በሁለቱ ዓለም የተለያየ ነው። በምዕራባውያኑ ላይ የአውሮፕላኑ ምልክት ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አድማሱ ነው የሚያዘነብለው። በሶቪየቱ ላይ አድማሱ ቀጥ ይላል፣ የአውሮፕላኑ ምልክት ነው የሚያዘነብለው። ቀን ላይ፣ ውጭ እያየህ፣ ምንም አይደለም። ሌሊት ደመና ውስጥ፣ ደክሞህ፣ ድንገት ሲያዘነብል ግን እጅህ ወደ ድሮ ልማዱ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. መስከረም 2008 ፔርም የምትባል የሩሲያ ከተማ አጠገብ አንድ ቦይንግ 737 ወድቆ 88 ሰው ሞተ። መርማሪዎቹ ካነሷቸው ነገሮች አንዱ ይሄ የመሣሪያ ልዩነት ነው። «ተዋጊ ያበረረ ሰው ቦይንግ ጨዋታው ነው» ብላችሁ የጻፋችሁ ልጆች፣ እንዲህ ቀላል አይደለም።

ታዲያ ከውትድርናው ወደ ሲቪል የሚሻገር ጥሩ ነገር የለም ወይ? አለ እንጂ። እኔ ከሁሉ የምመርጠው ከበረራ በኋላ ያለውን ግምገማ ነው። ከአውሮፕላን እንደወረድክ ላብህ ሳይደርቅ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ትቆማለህ። ማዕረግ እዚያ ክፍል ውስጥ አይሠራም። የት ዘገየህ፣ ለምን ያንን ከፍታ መረጥክ፣ ምን አላየህም፤ ሁሉም ይነሳል። ማንም አይሳደብም፣ ማንም አይሸፋፍንም። (ግምገማ ስል ሌላ ዓይነቱ ትዝ እንዳይላችሁ፤ ይሄኛው ሰው ለመጣል አይደለም።) ይሄን ልማድ ይዞ የመጣ አብራሪ የትም ቢገባ ይከበራል።

አንዱ ከተዋጊ የመጣ አብራሪ ይበልጣል ለማለት የአሜሪካዊውን ካፒቴን የሰለንበርገርን ነገር አንስቷል። ልክ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ሁለቱም ሞተር በወፍ ምክንያት ጠፍቶበት ኤርባሱን ኒውዮርክ ውስጥ ሃድሰን ወንዝ ላይ ሲያሳርፍ 155ቱም ሰዎች ተርፈዋል። ድሮ ፋንተም የሚባል ተዋጊ ያበረረ ሰው ነው። ግን አየር ኃይሉን የለቀቀው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ወደ 30 ዓመት የሚጠጋ የመንገደኛ በረራ ልምድ ነበረው። እሱ መሪውን ሲይዝ ረዳቱ ጎን ሆኖ ቼክሊስቱን ይሠራ ነበር። ብቻውን አላዳናቸውም።

አሁን ወደ ኮምቦልቻችን። እዚህ ማረፍ አደገኛ ነው የሚለው ወሬ ተጋኗል። ኤርፖርታችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,860 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በ6ኛው አንድ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል። የፍጥነት መለኪያው ያንኑ ቁጥር ቢያሳይም አውሮፕላኑ በእውነቱ በ9 በመቶ ገደማ ይፈጥናል። ፍሬኑ ማብረድ ያለበት ኃይል ደግሞ በ5ኛው አንድ ያህል ይጨምራል። ይሄ ሁሉ ግን ተሰልቶ ያለቀ ነገር ነው። ስስ አየር ከሆነ የሚያስፈራን ቦሌ ከዚህ ይብሳል፤ 2,330 ሜትር ላይ ነው።

የኛው ጣጣ ተራራውና ደመናው ነው። ክረምት ላይ በደሴና በኮምቦልቻ መሃል ባለው ሐረጎ ተራራ ላይ የሚተኛውን ጉም ታውቁታላችሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተራሮቹ ሲሞቁ ነፋሱ ይነሳል።

ባለፈው ክረምት ኤርፖርቱ በር ላይ ቆሜ ነበር። የአውሮፕላኑ ድምፅ ከደመናው በላይ ይሰማል፣ አውሮፕላኑ ግን አይታይም። ዞረ፣ ዞረና ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ከጅዳ የሚመጣ እንግዳ ሊቀበል የቆመ ሰውዬ ተናደደ። «ፈሪ ነው! እርስዎ ቢሆኑ ያወርዱት ነበር፣ አይደል ጋሼ?» አለኝ። እኔም አላወርደውም አልኩት። አላመነኝም። ትሕትና መሰለው።

እሱ የማያውቀው ሕጉን ነው። አብራሪው ከኤርፖርቱ 1,000 ጫማ ከፍታ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ፣ ጎማው፣ የክንፉ መዘርጊያ፣ መስመሩ ሁሉ መስተካከል አለበት። መንደርደሪያውንም በተወሰነለት ከፍታ ላይ ማየት አለበት። ካልሆነ ሞተሩን ከፍ አድርጎ ይነሳል፣ አለቀ። ሐረጎን የሚወርድ የደህና ካሚዮን ሹፌር ማርሹን ከላይ ነው የሚመርጠው፣ ቁልቁለቱ መሃል ላይ አይደለም። ይሄም እንደዚያው ነው። ሞክሮ የተመለሰ አብራሪ ሥራውን ሠርቷል። ለመመለሱ ማንም አለቃ አይጠይቀውም፣ ሊጠይቀውም አይገባም።

ወደኛ የሚመጣው ኪው 400 የሚባለው አውሮፕላን «ፕሮፔለር ስላለው አሮጌ ነው» የምትሉም አላችሁ። አይደለም። ፕሮፔለሩን የሚያዞረው የጀት ሞተር ነው። ለአጭር መንገድ ነዳጅ ይቆጥባል።

ለልጁ የሚጠቅመውን ቶሎ ቶሎ ልበል። የወታደር የበረራ ሰዓት እንዳለ የሲቪል ፈቃድ አይሆንም። ፈተናው፣ የሕክምና ምርመራው፣ ለእያንዳንዱ አውሮፕላን ዓይነት የሚሰጠው ሥልጠና ሁሉም እንደ አዲስ ነው። ካፒቴን የሚያደርገውን ከፍተኛ ፈቃድ ለማግኘት በዓለም አቀፉ ደንብ 1,500 ሰዓት ይጠየቃል። ተዋጊ አብራሪ በዓመት የሚያበርረው ሰዓት ደግሞ ከመንገደኛ አብራሪ በጣም ያንሳል፤ በዚያ መንገድ መሙላቱ ዓመታት ይፈጃል። በሁለት አብራሪ የሚሠራ ዓለም አቀፍ የመንገደኛ በረራ 65 ዓመት ላይ ያበቃል። አየር ኃይሉም አየር መንገዱም የአገልግሎት ውል ያስፈርማሉ፣ ሳያነብ አይፈርም። ሒሳብና ፊዚክሱን ይያዝ። እንግሊዝኛው ላይ በተለይ ይበርታ፤ ሬዲዮ ላይ የሚሰማው ድምፅ መምህሩ ክፍል ውስጥ የሚያወራው ዓይነት አይደለም።

ባይሳካለትስ ብለሽ ተጨንቀሻል። አብሽሪ። የጥገና ቴክኒሻኖችና የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ባይኖሩ እኛ ከመሬት አንነሳም ነበር። ሚግ ላይ ሳለሁ የማምነው ሰው ቢኖር መሰላሉን ይዞ የሚያወጣኝ ቴክኒሻን ነበር፤ መጨረሻ ላይ የሚያስፈነጥረውን ወንበር መቆለፊያ ፒን አውጥቶ የሚያሳየኝ እሱ ነው። አቪዬሽን ማለት ኮክፒት ብቻ አይደለም።

ጥያቄ ካለው እዚሁ ከሥር ይጻፍ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። ትራንስክሪፕቱን በውስጥ መስመር እየላካችሁልኝ ያላችሁ ሌሎች ወላጆች ግን ይቅር በሉኝ። የማስገባትም የማስወጣትም ሥልጣን የለኝም፣ ጡረተኛ ነኝ።