መልስ፦ «ልጆቹ ለመስቀል ያስጠናኋቸውን አሥራ ሁለት የምልክት ቋንቋ ቃላት በማግስቱ ይረሷቸዋል» ላልሽው

አሥራ ሁለቱን ቃል በአንዴ አትጫኚባቸው። ለደመራ ሳምንት ሲቀረው አምስት ይበቃል፦ ደመራ፣ ችቦ፣ አበባ፣ እሳት፣ እንኳን አደረሰህ።

ከወረቀት ሳይሆን ከዕቃው ጀምሪ። ደብረ ብርሃን ዙሪያ በመስከረም ሜዳው አደይ ነው። አበባውን አሳዪ፣ ምልክቱን ሥሪ፣ ይድገሙት። አንቺ ግን ዝም በይ፤ ካወራሽ እጅሽን ትተው አፍሽን ነው የሚከተሉት። የሰው ስም ሲመጣ በጣት ፊደል ነው፤ የእጁ ቅርጽ ፊደሉን፣ እንቅስቃሴው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ድምፅ ይለያል።

ደግሞ ከዩቲዩብ የአሜሪካ ምልክት እንዳትለቅሚ። እኔ ለቅሜ አስተምሬ፣ በበዓሉ ዕለት መስማት የተሳነው የጎረቤታችን ልጅ ግራ ገብቶት ሲያየን ዋለ። የእኛው የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ሌላ ነው። መስማት የተሳነውን የወንድምሽን ልጅ ቀድመሽ አሳዪው፤ እሱ ያርምሽ።