ወንድሜ ይፈለጋል፤ መዝገቡ ያለው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው

ከደብዳቤው በአጭሩ፦

«ዕድሜዬ 33 ነው፤ መርማሪ ፖሊስ ነኝ። አባታችን ሲሞት እኔ 9 ዓመቴ ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ 16። ትምህርቱን አቋርጦ ያሳደገኝም ያስተማረኝም እሱ ነው። የደንብ ልብሴን ለመጀመሪያ ጊዜ የለበስኩ ቀን ከእናቴ በላይ ያለቀሰው እሱ ነበር። ከጊዜ በኋላ ከማይሆኑ ሰዎች ጋር ገጠመ፤ እኔም አይቼ እንዳላየሁ ሆኜ ኖርኩ። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ መጋዘን ተዘረፈ፤ ጥበቃው ተመትቶ ሆስፒታል ገብቷል። መዝገቡ እኔ ጋ መጣ። በካሜራው ምስል ላይ ፊቱን የሸፈነ ሰው ግራ እግሩን ጎተት እያደረገ ሲሮጥ አየሁ። ያንን እግር አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ ከዛፍ ላይ ሊያወርደኝ ወጥቶ ሲወድቅ የተሰበረው እግሩ ነው። በማግስቱ ሌሊት መጥቶ በሬን አንኳኳ። ምንም ሳልጠይቀው አሳደርኩት፤ ሳይነጋ ሄደ። እስካሁን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። እናቴ ሁሉንም ታውቃለች። ‹እሱ ባይኖር አንተ የት ነበርክ? ወንድምህን አሳልፈህ ከሰጠህ ልጅ የለኝም› አለችኝ። እንቅልፍ የለኝም። ሽጉጤንም ወደ ቤት መውሰድ ትቻለሁ፤ ቢሮ ቆልፌበት ነው የምወጣው። ወንድሜን ብሰጥ ሰው ነኝ? ባልሰጥስ ፖሊስ ነኝ? ደግሞ የ6 ዓመት ልጄ አጎቱን በጣም ይወዳል። የት ሄደ ሲለኝ ምን ልበለው?»

መልስ

ስለ ወንድምህ ከመናገሬ በፊት ስለ ሽጉጡ ልጠይቅህ። ቢሮ ቆልፈህበት መውጣት የጀመርከው ለምንድን ነው? አንተ በአንድ መስመር አለፍከው፤ እኔ ግን ደጋግሜ ተመለስኩበት። ምናልባት ወንድምህ በሌሊት ቢመጣና ነገሩ ቢካረር ብለህ ሰግተህ ይሆናል። ሌሊቱ ሲረዝም በራስህ ላይ የምታደርገውን ፈርተህ ከሆነ ግን ይህ ከመዝገቡም፣ ከእናትህ ቃልም ይቀድማል። ሰውን ስለዚህ ነገር በግልጽ መጠየቅ ያላሰበውን ሐሳብ አያመጣበትም፤ ብዙ ጊዜ ትንፋሽ ይሰጠዋል። ስለዚህ በግልጽ እጠይቅሃለሁ፦ መሞትን አስበሃል? መልስህ አዎ ከሆነ ንባቡን እዚህ ላይ አቁም። ዛሬውኑ ለምታምነው አንድ ሰው ንገርና ሐኪም ጋ ሂድ። ሽጉጡም እዚያው ባለበት ይቆይ፤ እሱን ከቤት ማራቅህ ትክክል ነበር።

አሁን ወደ እግሩ ልመለስ። ወንድምህን ያጋለጠው ምልክት አንተን ሊያድን ሲል ያገኘው ጉዳት ነው። ያንን ምስል ስታይ ምን እንደተሰማህ አልጻፍክም፤ ግን የምትሸከመው ነገር ሁሉ እዚያ ላይ የተቋጠረ ይመስለኛል። አንተ የቆምከው እሱ ወድቆ ነው። ትምህርትህ የእሱ ያልተማረው ትምህርት ነው፤ የደንብ ልብስህም በእሱ ጉልበት የተገዛ ነው። እናትህ «እሱ ባይኖር የት ነበርክ?» ሲሉህ አዲስ ነገር አልነገሩህም። ከ9 ዓመትህ ጀምሮ ራስህን ስትጠይቀው የኖርከውን ነው ጮክ ብለው የተናገሩት።

በቤተሰብ ሕክምና ትልቅ ስም ያለው፣ ሀንጋሪ ተወልዶ አሜሪካ የሠራው ሐኪም ኢቫን ቦሶርሜኒ ናጅ ይህን ጉዳይ በጥልቀት አስቦበታል። በእሱ አመለካከት በየቤተሰቡ ማንም ያልጻፈው የውለታ መዝገብ አለ፤ ማን ምን ሰጠ፣ ማን ምን ተቀበለ፣ ማን ገና አልከፈለም የሚል። መዝገቡ በንግግር ካልተከፈተ ዕዳው አይጠፋም፤ ያለ ቦታውና ያለ ጊዜው መከፈል ይጀምራል። ልጅነቱን ሳይጨርስ የወላጅን ሸክም የተሸከመ ልጅም ያንን ጊዜ የሚመልስለት ሰው ካላገኘ፣ ካደገ በኋላ ዓለም ሁሉ ባለዕዳው እንደሆነ ሊሰማው ይችላል። ወንድምህ በ16 ዓመቱ አባት ሆነ። እሱን ማን አሳደገው? ይህን ስል ዝርፊያውን ላቀልል አይደለም። አንተ የምትወደው ሰውና ያ ፊቱን ሸፍኖ የሚሮጠው ሰው አንድ መሆናቸውን መቀበል እንድትችል ነው።

ስለዚህ ዕዳ የለብህም አልልህም። አለብህ። ጥያቄው በምን ትከፍለዋለህ ነው። እስከ ዛሬ «አይቼ እንዳላየሁ» ሆነህ በዝምታ ስትከፍል ኖረሃል። ይቅርታ አድርግልኝና፣ በመጋዘኑ በር ላይ የተመታው ሰው በደብዳቤህ ውስጥ ያገኘው ቦታ ግማሽ መስመር ነው። እሱም የእናት ልጅ ነው፤ ምናልባት እሱንም ያሳደገው ወንድም አለው። የዝምታህን ዋጋ አሁን እየከፈለ ያለው እሱ ነው። ለወንድምህ ያለብህን ከራስህ ላይ ቆርሰህ ክፈል፤ ጊዜህን፣ ገንዘብህን፣ ስምህን፣ ዕድሜ ልክህን በሚዘልቅ መመላለስ። ከዚያ ሰው ቁስል ላይ ግን መክፈል አትችልም፤ የአንተ አይደለምና።

እናትህን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» እንላለን፤ ከአንድ ማሕፀን የወጡ ልጆች ለምን እንደሚለያዩ ስንገረም። የእናንተን ልዩነት ግን ማሕፀን ብቻ ያመጣው አይመስለኝም። በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ሠሪ፣ አንዱ ተማሪ ሆኖ ቦታ ሲከፋፈል ልጆች የተሰጣቸውን ሚና እስከ ጥግ ይሄዱበታል። እናትህ አሁን የሚፈሩት ሁለት ልጅ በአንድ ቀን ማጣትን ነው። «ልጅ የለኝም» የሚለው ቃል እርግማን ይመስላል፤ እኔ የሰማሁበት ግን ሁለታችሁንም መያዝ ያቃተው እጅ ነው። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም መሬይ ቦወን እንዳስተማረው፣ በሁለት ሰዎች መሃል ያለው ጭንቀት ከመጠን ሲያልፍ ሦስተኛ ሰው ይጎትታል። አንተና ወንድምህ በዚያች ሌሊት አንድ ቃል አልተነጋገራችሁም። ያልተነጋገራችሁት ሁሉ አሁን እናታችሁ ላይ ወድቋል።

«ብሰጠው ሰው ነኝ?» ለሚለው ጥያቄህ ከአንተ በፊት በዚህ መንገድ ያለፈ አንድ ሰው አለ። ቴድ ካዚንስኪ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1995 በቦምብ 3 ሰው ገድሎ 23 አቁስሏል። ማንነቱ ሳይታወቅ የጻፈው ረጅም ጽሑፍ በ1995 ጋዜጣ ላይ ሲወጣ፣ የታናሽ ወንድሙ የዴቪድ ሚስት ቀድማ ጠረጠረች። ዴቪድ ከድሮ ደብዳቤዎች ጋር እያስተያየ ወራት ተጨነቀ፤ በመጨረሻም በጠበቃ በኩል ለመርማሪዎች አሳወቀ። ስሙ እንዳይወጣ ለምኖ ነበር፤ ወጣ። ከዚያ በኋላ ወንድሙ በሞት እንዳይቀጣ ታገለ፤ ፍርዱ በ1998 የዕድሜ ልክ እስራት ሆነ። የተሰጠውን የሽልማት ገንዘብ አብዛኛውን ለተጎጂ ቤተሰቦች አዋለው። እናቱን ራሱ ፊት ለፊት ነገራቸው፤ ፊታቸውን አላዞሩበትም። ወንድሙ ግን አዞረ። ዴቪድ ለዓመታት እስር ቤት ደብዳቤ ጻፈለት፤ ቴድ በ2023 እስኪሞት ድረስ አንድም መልስ አልሰጠውም።

የተቃራኒውን መንገድ የሄደም አለ። በቦስተን ጄምስ በልጀር የወንጀል ቡድን መሪ ነበር፤ ታናሹ ዊሊያም ደግሞ የማሳቹሴትስ ሴኔት ፕሬዚዳንት። ጄምስ በ1994 መጨረሻ ጠፋ። ዊሊያም በስልክ አግኝቶት ለባለሥልጣናት ሳይናገር ቀረ። ነገሩ ሲወጣ በ2003 ከሴኔቱ በኋላ ከያዘው የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንትነት በግፊት ለቀቀ። ጄምስ የተያዘው በ2011 ነው፤ ፍርድ ቤቱ በ11 ሰዎች ግድያ እጁ እንዳለበት አረጋገጠ። ዊሊያም ወንድሙን መውደዱን አልነቅፍም። ግን በእነዚያ 16 ዓመታት የሟቾቹ ቤተሰቦች ይጠብቁ ነበር፤ ይህን ሳስብ ልቤ ወደ እነሱ ያደላል።

ስለ ዴቪድ የነገርኩህ መጨረሻው ያምራል ልልህ አይደለም። ወንድምህ ላያናግርህ ይችላል፤ ምናልባትም ለዘላለም። ግን አየህ፣ ዴቪድ ወንድሙን ካጋለጠ በኋላ ወንድምነቱን አልተወም። ከፍርድ በፊት ለነፍሱ ተከራከረ፤ ከፍርድ በኋላ ያለ መልስ ጻፈለት። አንተ ሁለት ምርጫ ብቻ አድርገህ ነው ያቀረብከው፤ መደበቅ ወይም አሳልፎ መስጠት። ሦስተኛም አለ፤ አለመደበቅ፣ ግን አብሮት መቆም።

እንዴት? ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ታገሠኝ። መጀመሪያ ጠበቃ ፈልግ፤ ነገ ሳይሆን ዛሬ። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ያሳደርክባት ሌሊት በምትኖርበት አገር ሕግ ምን እንደምትባል የሚነግርህ እሱ ነው። በብዙ አገር ሕጉ ሥጋ ዘመዱን ለደበቀ ሰው ይራራል፤ ለባለሥልጣን ግን እንደዚያ አይደለም። ለምሳሌ የጀርመን የወንጀል ሕግ የቅርብ ዘመዱን ከቅጣት ሊያድን የሞከረን ሰው አይቀጣም፤ ጉዳዩን በሥልጣኑ የያዘው ሰው ራሱ ከሆነ ግን ያ ምሕረት አይሠራለትም። ምክንያቱ ይገባኛል። እናት ልጇን ስትደብቅ እናት ናት፤ መርማሪ ሲደብቅ ግን ሌላው ሰው የሚሄድበት በር ይዘጋል።

ቀጥሎ ለአለቃህ ተናገር፤ ከመዝገቡም ራስህን አግልል። ይህ ወንድምን መክዳት አይደለም። በወንድም ጉዳይ ላይ ዳኛም መርማሪም መሆን የማንም አቅም አይደለም፤ እንቅልፍህን የወሰደብህም በአብዛኛው ይህ ይመስለኛል። ሥራህን ልታጣ ትችላለህ፤ አልዋሽህም። በየቀኑ ያንን ፋይል ከፍተህ የማታውቅ መስለህ መቀመጥ ግን ቀስ በቀስ ሌላ ሰው ያደርግሃል።

ወንድምህን ማነጋገር ያለብህ ከዚህ በኋላ ነው፤ በጠበቃው ምክር። በመዝገቡ ውስጥ ስላለው ነገር አንድ ቃል እንዳትነግረው። የምትነግረው ስለ ራስህ ነው። ቃሉ የአንተ ቢሆን ይሻላል፤ ግን እንደዚህ ያለ ነገር ይመስለኛል፦ «አንተ ነህ ያሳደግከኝ። አልረሳሁም፤ አልረሳምም። ከእንግዲህ ግን አልደብቅህም፤ ስለ አንተም አልዋሽም። እጅህን ራስህ ከሰጠህ እስከ በሩ አብሬህ እሄዳለሁ። ጠበቃ እፈልግልሃለሁ፤ በእያንዳንዱ የመጠየቂያ ቀን እመጣለሁ። ባትሰጥም ወንድሜ ነህ፤ ግን ቤቴ መደበቂያህ አይሆንም።» ይሰድብህ ይሆናል። ስለ እግሩም ያነሳብህ ይሆናል። እንዲያ ካለህ አትከራከር። «አዎ፣ ለእኔ ብለህ ነው የተሰበርከው» በለው። ይህን ቃል በሕይወቱ ከአንተ አፍ ሰምቶት እንደሆነ እጠራጠራለሁ፤ አንዳንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚጠብቀው ይህንኑ ብቻ ነው።

ለእናትህ ደግሞ የአንተን ውሳኔ ከአንተው አፍ ይስሙት፤ ከጎረቤት ወይም ከዜና እንዳይሆን። ምርቃታቸውን አትጠብቅ፤ ፈቃድም አትጠይቃቸው። ከፈቀዱ የአንዱን ልጅ እስር በሌላው ልጅ አማካይነት የፈረሙ ይመስላቸዋል፤ ይህን በእናት ጫንቃ ላይ መጫን ግፍ ነው። ነግረሃቸው ዝም ብለህ አብረሃቸው ተቀመጥ። ቢያባርሩህ በማግስቱ ተመለስ።

ልጅህን በተመለከተ፣ «አጎትህ ሩቅ አገር ሄዷል» እንዳትለው። የ6 ዓመት ልጅ ውሸቱን ባይደርስበትም ፊትህን ያነባል፤ ያልተነገረውን ደግሞ በራሱ ሐሳብ ይሞላዋል፤ ብዙ ጊዜም ጥፋቱን ወደ ራሱ ይወስዳል። እስካሁን የት እንዳለ ካላወቅህ «አሁን የት እንዳለ አላውቅም፤ እኔም አስባለሁ» ማለት ይበቃል። ከታሰረ ደግሞ በእሱ ልክ እውነቱን ንገረው፦ «አጎትህ ሰው የሚጎዳ ነገር አድርጓል። ሰው የሚጎዳ ነገር ያደረገ ሰው ለተወሰነ ጊዜ ከቤት ርቆ ይቆያል። ጥፋቱ የአንተ አይደለም። እኔም እወደዋለሁ፤ አንተም መውደድህን መተው የለብህም።» ማየት እፈልጋለሁ ካለህ እንዲፈቀድለት አድርግና ውሰደው። ካልፈለገ ደግሞ ሥዕል ይሳልለት፤ አንተ ይዘህለት ትሄዳለህ።